ሰላምታ የጨረሰው ባትሪ

ቢቸና ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ ጤና ይጠየቃል፣ ከብት ይጠየቃል፣ አዝመራ ይጠየቃል። አሁን አሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፦ «ስንት ፐርሰንት አለህ?» ተጠያቂው ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ ስክሪኑን ያበራል፣ ፀሐይ ስለሆነ ብርሃኑን እስከ ጥግ ይጨምራል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያነብና «አሥራ ዘጠኝ» ይላል። ስልኩን መልሶ ኪሱ ይከተዋል፤ ብርሃኑን ግን አይቀንስም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ወዳጁ መጥቶ ሲጠይቀው አሥራ ሰባት ሆኖ ያገኘዋል። ያን ጊዜ «ይሄ ባትሪ እኮ ሌባ ነው» ይጀመራል።

ባትሪ ግን ለማኅበራዊ ኑሯችን ያመጣው ጥቅም ቀላል አይደለም። የተበዳሪ ሰው ባትሪ ከሁሉም ሰው ባትሪ ቀድሞ ይደክማል። ዕቁብ የደረሰው ሰው ስልክ ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል፤ የመክፈያው ቀን የደረሰበት ሰውዬ ስልክ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ዝግ ነው። ሠርግ የቀረ፣ ለቅሶ ያልደረሰ፣ ለደቦ ቃል ገብቶ የጠፋ ሁሉ «ስልኬ ዘግቶብኝ» ይላል። ድሮ ደራሽ ውሃ፣ የታመመ በሬና በድንገት ያረፈ ዘመድ ተከፋፍለው ይሸከሙት የነበረውን ሰበብ ዛሬ አንዲት ባትሪ ለብቻዋ ተሸክማዋለች።

እኔ የባትሪዋ ጠበቃ ሆኜ ልቁም። ምክንያቱም ስልክ ኃይል እንዳያባክን የዓለም መሐንዲስ ሃምሳ ዓመት ተጨንቆበታል፤ እኛ ደግሞ የተቆጠበውን ሁሉ የምናጠፋበት መላ አጥተን አናውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኒውዮርክ ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 1965 የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ስልክ የመጀመሪያውን ጥሪ አደረገ። ስልኩ ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስወራል፣ ከዚያ 10 ሰዓት ቻርጅ ይፈልጋል። ኩፐር ኋላ ላይ ሲቀልድ የባትሪው ማነስ ችግር አልነበረም ይል ነበር፤ ያንን ጡብ ከዚያ በላይ ጆሮው ላይ ይዞ የሚቆም ክንድ የለማ! ይህን ሲል ግን ጎጃሜን አላየም። የእኛ ሰው የጀመረውን ሰላምታ ክንዱ ዛለ ብሎ አያቋርጥም።

ከኩፐር በኋላ የመጡት መሐንዲሶች የሰውን የወሬ ጠባይ አጠኑ። ሁለት ሰው በስልክ ሲጨዋወት እያንዳንዱ የሚናገረው ከጊዜው ግማሽ ባልሞላው ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። እንግዲህ አዳማጩ ዝም ባለበት ጊዜ ስልኩ ለምን ዝም ብሎ ሞገድ ይረጫል? አሉና ድምፅ በሌለ ጊዜ አስተላላፊው ክፍል ራሱን እንዲያጠፋ አደረጉት። ይህ ጂኤስኤም በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ላይ ሥራ በጀመረውና በእኛው 1991 ደግሞ አዲስ አበባ በገባው አሠራር ውስጥ አለ። ያውም በወሬው መካከል እንኳ ስልኩ ያለማቋረጥ አይልክም፤ አንዱን መስመር ለስምንት ተራ ስለሚከፋፍሉት አፉን የሚከፍተው ከጊዜው በአንድ ስምንተኛው ብቻ ነው።

ዘዴው አንድ ጣጣ ነበረው። አስተላላፊው ሲጠፋ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ፍጹም ጸጥታ ስለሚሰማው መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። ስለዚህ የአዳማጩ ስልክ ራሱ እየፈበረከ ጆሮው ውስጥ ስስ ሽውታ እንዲለቅለት አደረጉ። በስልክ ዝምታ መካከል የምንሰማት ያቺ ሽው ባይ ድምፅ ከአዲስ አበባ የመጣች እንዳትመስለን፤ እዚሁ እጃችን ላይ የተሠራች ናት። ለጥቂት ሚሊዋት ሲባል እስከዚህ ድረስ ተለፍቷል።

አሁን ወደ ቢቸና ገበያ ዳር እንመለስ። አንድ አዛውንት ጤፋቸውን ከመሸጣቸው በፊት አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላለው የወንድማቸው ልጅ ደውለው ዋጋ ሊጠይቁ ነው። ባትሪያቸው ቀይ መስመር ላይ ነው።

«ሃሎ! ሃሎ! ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል አባባ፤ እንዴት ዋሉ?»

«እንዴት ዋልህ ልጄ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነዎት ወይ?»

«ደህና ነህ ወይ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሚስትህ ደህና ናት?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። እማማ እንዴት ናቸው? ከብቱስ?»

«ተመስገን ነው። አዲሳባ ዝናቡ እንዴት አረጋችሁ?»

«ይጥላል። እናንተ ጋስ?»

«ተመስገን። ሃሎ! ትሰማኛለህ? እንግዲህ እኔ የደወልሁልህ...»

ጢጥ።

በጽሑፍ ተራ በተራ ስለተቀመጠ አይታወቅም እንጂ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የተባለው እኩል ነው። «እንዴት ዋሉ»ና «እንዴት ዋልህ» በአየር ላይ ይጋጫሉ፤ «ደህና ነዎት»ና «ደህና ነህ» ይረጋገጣሉ። የፊንላንዱ ስልክ አንዱ ወገን ዝም የሚልበትን ቅጽበት ጠብቆ ሊያርፍ ነበር። ያ ቅጽበት አልመጣም። ሁለቱም አስተላላፊዎች ያለ ዕረፍት ሠርተው አንደኛው ወደቀ። አዛውንቱ ስልካቸውን አገላብጠው አዩና ገበያተኛውን ሁሉ ምስክር አድርገው ቻይናን ከሰሱ።

ቢሳካላቸው ኖሮ ደግሞ የስንብቱ ዕዳ ነበር። «እሺ በቃ»፣ «እሺ»፣ «በል እሺ»፣ «ሰላም በልልኝ»፣ «እሺ፣ እርስዎም ሰላም ይበሉልኝ»፣ «በል ደህና ዋል»፣ «ደህና ይዋሉ»፣ «እሺ በቃ»። ከዚህ በኋላም ማንም ቀድሞ አይዘጋም፤ ነውር ነዋ።

ስለዚያ «ሃሎ! ሃሎ!» ጩኸት ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። ሰውየው በጮኹ ቁጥር ስልኩ ኃይል የሚጨምር የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። አይጨምርም፤ ስልክ ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ ነው የሚልከው። በመደበኛው የጂኤስኤም አሠራር በሰከንድ 13 ሺህ ቢት ነው፤ ቢጮኹም ቢያንሾካሾኩም ያው 13 ሺህ። ጩኸቱ የሚጠቅመው ከጎን ቆሞ የእርስዎን ጉዳይ ለሚያዳምጠው ሰው ነው።

ይልቅ የሚጮኸው ስልኩ ነው፤ ጩኸቱም ለታወሩ ነው። ማዶና ማዶ ባለ ሸለቆ ላይ ቆሞ ጎረቤቱን የሚጣራ ሰው አቅራቢያው ካለው ጋር ሲሆን በዝግታ፣ ከገደሉ ማዶ ላለው ደግሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ድረስ እንደሚጣራው ሁሉ፣ ስልክም ታወሩ ሲቀርበው በሹክሹክታ ይናገራል፣ ሲርቀው ይጮኻል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 900 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራ የጂኤስኤም ስልክ ሲጮኽ እስከ 2 ዋት ይረጫል፤ ሲያንሾካሹክ ወደ 3 ሚሊዋት ይወርዳል። ስድስት መቶ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ስንት ላድርገው የሚለውን ስልኩ በራሱ አይወስንም፤ ታወሩ «ጨምር፣ ቀንስ» እያለ ያዘዋል። በ3ጂ ዘመን ደግሞ ይህ ትዕዛዝ በሰከንድ 1,500 ጊዜ እንዲመጣ ተደረገ። አንድ ሰው «እንዴት ዋልህ» ብሎ እስኪጨርስ ስልኩ ከሺህ ጊዜ በላይ «ቀንስ፣ ጨምር፣ ቀንስ» ተብሏል። በአገራችን ይህን ያህል ትዕዛዝ ተቀብሎ ያላጉረመረመ ሠራተኛ አላየሁም።

ታዲያ ከቢቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚገባው አውቶቡስ ለዚህ ነገር ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በግራ በኩል የጮቄ ተራራ፣ በቀኝ በኩል አገሩ እየተቆራረሰ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። መንገዱ ጉብታ ላይ ሲወጣ የኪሱ ስልክ ሁሉ በአንድነት ይንጫጫል፤ የቴክስት መልእክት፣ ያመለጠ ጥሪ፣ የጥቅል ማስታወቂያ። ቁልቁል ሲወርድ ጸጥ ይላል። ሰው ስልኩ ያረፈ ይመስለዋል። ስልኩ ግን ያን ጊዜ ነው ሥራ የበዛበት፤ የጠፋውን ታወር ሊያገኝ አንዱን የሞገድ መስመር ትቶ ሌላውን እየለወጠ ያስሳል። ሁለት ሲም ካለው ደግሞ ለሁለት ጌታ ነው የሚያስሰው። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ09 ላይ 07 መደረብ ደንብ ሆኗል፤ አንደኛው ሲም ኔትወርክ ፈጽሞ በማያገኝበት ቀበሌ እንኳ ሳይቀር ከስልኩ አይወጣም። ቀኑን ሙሉ የሌለ ታወር ሲፈልግ ይውላል። ባለቤቱን «ለምን አታጠፋውም?» ሲሉት «ምናልባት ቢደወል» ይላል። በማይደርስበት!

የአውሮፕላኗን ምልክት ብትጫናት ፍለጋውን ታቆመው ነበር። አጠገቤ ለተቀመጠ አንድ ወጣት ይህንኑ ብነግረው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሼ፣ አውቶቡስ ላይ እኮ ነን» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚህ ሁሉ መካከል የከተማ ሰው የሚስቅበት አንድ ገበሬ አለ። ቤቱ ጉድባ ውስጥ ነው፣ ኔትወርክ አይገባም። ስለዚህ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ላይ በገመድ ይሰቅለዋል። ሲደወልለት ከታች ሆኖ በረጅም ዘንግ ነካ ያደርገዋል፤ ወይም ልጁ ይወጣና ድምፅ ማጉያውን ይከፍትለታል። ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ያወራል። የብድሩም፣ የጋብቻውም፣ የክሱም ነገር ለመንደሩ በይፋ ይነበባል። ሳቁ ይሳቅ፤ ነገር ግን ኃይል በመቆጠብ ረገድ ከዚህ ሰው የበለጠ የሠራ በአካባቢው የለም። ጥቂት ሜትር ከፍ በማለቱ ታወሩን አገኘ፤ ታወሩን ሲያገኝ ስልኩ ጩኸቱን ተወ፤ ጩኸቱን ሲተው ባትሪው ሰነበተ። በተራቀቀ ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ፈስሶ ከሚገኘው ቁጠባ የባሕር ዛፉ ይበልጣል። ምስጢር መጠበቅ ግን አይቻልበትም።

ዛፍ የሌለው ሰው ባትሪውን ይዞ ወደ ቻርጅ ቤት ይመጣል። በገበያ ቀን ይህችን ክፍል ማየት ነው። አንድ ዲቫይደር በሌላው ላይ፣ ሌላው በሌላው ላይ ተሰክቶ ከግድግዳው ሶኬት እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ይደርሳል። ስልኮቹ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ተጽፎባቸዋል፦ «ባለ ነጠላው»፣ «የቄሱ»፣ «ማታ የሚወስድ»፣ «ያልከፈለ»። መክደኛቸው የጠፋ በላስቲክ ታስረዋል። ቻርጅ ላይ እያሉ የሚደወልላቸው አሉ፤ ባለ ቤቱ ያነሳና «ገበያ ናቸው፣ ሲመለሱ ይደውሉ» ይላል። የሁሉንም ባለስልክ ቤተሰብ ስለሚያውቅ ሰላምታው ረጅም ነው። በሰው ባትሪ!

የዚህች ክፍል ሒሳብ ደግሞ ይገርማል። የቁልፍ ስልክ ባትሪ 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 3.7 ዋት ሰዓት ነው። በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮ ከሶኬቱ 5 ዋት ሰዓት ይወስዳል እንበል። ስለዚህ በ1 ኪሎዋት ሰዓት 200 እንዲህ ያሉ ስልኮች ይሞላሉ። ቻርጅ ቤቱ በስልክ 10 ብር ቢያስከፍል በአገሪቱ በጥቂት ብር የሚሸጠው ያው ኪሎዋት ሰዓት በ2,000 ብር ተሸጠ ማለት ነው። ባለ 5,000 ሚሊአምፒሩ ዘመናዊ ስልክ ደግሞ በብክነቱ 25 ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በዚያው 10 ብር ከሞላ ኪሎዋት ሰዓቱ 400 ብር ይመጣለታል። ቁጥብ ስልክ የያዘው ገበሬ፣ አባካኝ ስልክ ከያዘው የከተማ ልጅ አምስት እጥፍ አስወድዶ መብራት ገዛ። «ለስልክ ነው እንጂ ለመብራት አልከፈልሁም» ስለሚል ግን አይከፋውም።

ቻርጅ ቤት መሄድ የማይሻው ደግሞ የአባቱን መድኃኒት ያመጣል። ድሮ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ በጥርስም ነከስ ነከስ ይደረግ ነበር። ለዚያ ዓይነቱ ድንጋይ ሙቀቱ በእርግጥ ትንሽ ዕድሜ ይቀጥልለት ነበር፤ የምሽቱን ዜና ያደርስ ነበር። የዛሬዋ የሊቲየም ባትሪ ግን ሙቀት ጠላቷ ነው፤ ጥርስማ አይነሳ። ፀሐይ ላይ የሰነበተች ባትሪ ሆዷ ይነፋል፣ የስልኩን ጀርባ ገፍታ ትወጣለች። ባለቤቱም «ጠገበች» ብሎ ደስ ይለዋል።

የተማረው ወገን ከዚህ የተሻለ እንዳይመስላችሁ። እሱ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢ አፕ ይጭናል። አፑ ሌሎቹ አፖች ምን እየሠሩ እንደሆነ ሲጠብቅ አይተኛም፣ ማስታወቂያም ያወርዳል። በየደቂቃው የተከፈተውን ሁሉ በጣቱ ጠርጎ የሚዘጋም አለ፤ ጠርጎ ይዘጋና ያንኑ ፌስቡክ እንደገና ከዜሮ ያስነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአንድሮይድ አለቃ የነበረው ሂሮሺ ሎክሃይመር ይህ ለባትሪ እንደማይጠቅም፣ እንዲያውም ትንሽ ሊያብስ እንደሚችል ተናግሯል። ጣታችን ግን ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይሆንለትም።

እውነተኛ ቁጠባ ያየነው አንድ ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ ጠዋት የተሞላ ስልክ ሲነጋም ግማሹ አለ። ለወራት። ወሬ ጠፋ፣ ሐዋላ ተጨነቀ፣ ነጋዴው የዋጋ ምንጩ ነጠፈበት፤ ባትሪ ግን ተረፈ። ስለ ኃይል ቁጠባ የተጻፉ መጻሕፍት ይህን ዘዴ አያነሱትም፤ ሌላ አገር ስላልተሞከረ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር፣ ለካ ሌላም አገር ይሞከራል።

ወደ ቺፕ እንግባ፤ ዋናው ምሥጢር እዚያ ነው። ታወሩ የላከውን የተጨማለቀ ሞገድ አጣርቶ፣ ስሕተቱን አርሞ፣ ድምፅ አድርጎ የሚሰጠን ይኸው ቺፕ ነው፤ በሰከንድ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ስሌት ይሠራል። እያንዳንዱ ስሌት ትንሽ ኃይል ይበላል። የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ቮልቴጁን በግማሽ ብታወርደው ፍጆታው ወደ ሩብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 5 ቮልት ይጠጡ የነበሩ ቺፖች ዛሬ 1 ቮልት አካባቢና ከዚያ በታች ይበቃቸዋል። ከዚህ ብቻ ሃያ አምስት እጥፍ ተገኘ። በዚያ ላይ ሥራ የሌለው የቺፑ ክፍል እንዲተኛ ተደረገ። የ4ጂ ስልክ ማንም ሳይነካው ሲቀመጥ በአብዛኛው ተኝቶ፣ በየአንድ ሰከንድ ምናምኑ ለቅጽበት ነቅቶ «ጥሪ አለ?» ብሎ አዳምጦ መልሶ ይተኛል። የሚቀሰቅሰው እኛ ነን፤ «ስንት ፐርሰንት አለህ?»

ከቁጠባ ታሪክ ሁሉ የምወደው የኬምብሪጁን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1985 ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት የመጀመሪያው የአርም ቺፕ ከፋብሪካ መጣ። ሰሌዳው ላይ ሰኩት፣ ሠራ። ስንት እንደሚበላ ለማየት መለኪያ ቢያገናኙ መለኪያው ዜሮ አለ። ኋላ ሲመረመር የኃይል መስመሩ ጭራሹን አልተገናኘም ነበር። ቺፑ ሲሠራ የቆየው በሌሎቹ መስመሮች በኩል ሾልኮ በሚደርሰው ፍርፋሪ ነው! ሳይበላ የሚሠራ። የዚህ ዘር ቺፕ በኖኪያ 6110 በኩል ወደ እጅ ስልክ ዓለም ገብቶ ዛሬ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለ ኪስ ሁሉ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጾመኛ ይዘን ባትሪው ለምን ማታ ይሞታል? የቁልፍ ስልኳ በ1,000 ሚሊአምፒር ሳምንት ትቆይ ነበር፤ የዛሬው በ5,000 ማታ አይደርስም። መልሱን ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ ነግሮናል። የእንፋሎት ሞተሩ ከሰል መቆጠብ በጀመረ ጊዜ እንግሊዝ የምታነደው ከሰል አልቀነሰም፣ ጨመረ፤ ርካሽ ሲሆን ሁሉም ሞተር ተከለ። ቺፑ በቆጠባት ሚሊዋት ሁሉ እኛ ቪዲዮ፣ ሰፊ ስክሪንና ሦስት ካሜራ ተክለንባታል። በቆጠበልን መጠን ጉዱን ቆልለንበታል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትዝብቱ ይከፋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል፤ ውሃው ከሞጣ ሥር፣ በዚያ በሰባራ ድልድይ ሸለቆ ያለፈው ዓባይ ነው። ውሃው በደጃችን አልፎ ጉባ ደርሶ መብራት ይሆናል፤ የመመለሻው ሽቦ ግን አንዳንድ ምሽት ይሰንፋል። ጭልም ሲል ሰው ሁሉ የስልኩን መብራት ያበራል። ሻማ ፍለጋ በስልክ፣ ክብሪት ፍለጋ በስልክ፣ ሻማው ከተገኘም በኋላ ሻማው በትክክል መብራቱን ለማየት በስልክ። መብራቱ እንደጠፋ ሲቆይ ታወሩም የራሱን ባትሪ ጨርሶ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የከተማው ስልክ ሁሉ ያስሳል። በአንድ በኩል መብራት፣ በሌላ በኩል አሰሳ። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ሞጣ በእልልታ ይነቃል፣ ሰው ሁሉ ቻርጀር ለመሰካት እርስ በርሱ ይጋጫል።

እንዲህ ያለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው አንድ ገበያተኛ ሞጣ ስልክ ቤት የገቡት። ማር ሸጠው እጃቸው ሞላ ብሏል። ሻጩ ልጅ ነው፣ ምላሱ ፈጣን። መጀመሪያ ባለ ትልቁን ስክሪን አሳያቸው፤ «ይሄ ዓይን ያበላሻል» አሉ። ባለ ሦስት ካሜራውን አሳያቸው፤ «ሦስት ዓይን ለምን?» አሉ። በመጨረሻ ትንሿን ኖኪያ 105 ከሳጥኗ አወጣ።

«ይቺ ናት የእርስዎ፣ አባባ። በአንድ ቻርጅ ሠላሳ አምስት ቀን ትቆያለች፤ ፋብሪካው ራሱ ነው የሚለው።»

«ሠላሳ አምስት ቀን?»

«ሠላሳ አምስት። ዝም ብላ ከተቀመጠች።»

«ዝም ብላ ማለት?»

«ማለቴ፣ ካልደወሉ፤ ሰውም ካልደወለልዎት።»

አዛውንቱ ስልኳን አገላብጠው አዩዋት፣ ከጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነቀነቋት፣ መለሱለት።

«ልጄ፣ ሠላሳ አምስት ቀን እኔም ካልደወልሁ፣ ሰውም ካልደወለልኝ፣ አምስት ቀን ብትጨምርበት አርባዬ እኮ ነው። ተዝካሬን በዚህ ልታስጠራ ነው?» አሉና ጣታቸውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ቀሰሩ። «ያንን ድምፁ የሚጮኸውን አውርድልኝ።»